ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ካሜራ ይዞ ይዞራል

ለባሕር ዳር ቪዲዮ ሠሪዎች ሐውልት ሊቆምላቸው ይገባል። ቦታ አይጠፋም። ጣና ዳር፣ ሙሽሮች ፎቶ ከሚነሡበት ዘንባባ ፊት ለፊት ቢሆን ያምራል። ሐውልቱ በቀኝ እጁ ጊምባል (ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዘውን ዘንግ)፣ በግራ እጁ የኤልኢዲ መብራት ይያዝ። አንገቱ ላይ ሁለት ካሜራ ይንጠልጠል። ጀርባው በሌንስ ቦርሳ ይጉበጥ። ማይክ ግን እንዳይጨመርበት። ታሪክ ማዛባት ይሆናል።

እየቀለድኩ አይደለም። እነዚህ ልጆች ለዕቃ የከፈሉትን መስዋዕትነት ያየ ሰው አመስግኖ አይጠግብም። የሁለት ወር የቤት ኪራይ ያለበት ልጅ ሌንስ ይገዛል። ሌላው ዕቁብ ወጣለት። ጓደኞቹ አልጋ ይገዛል ብለው ሲጠብቁ ፉል ፍሬም ካሜራ (ምስል መቀበያው ሰፊ የሆነ፣ ጀርባን በቀላሉ የሚያደበዝዝ) ታቅፎ መጣ። አልጋ ምን ይሠራለታል? ከኋላው ያለው ነገር ሁሉ ከደበዘዘ መሬት ላይ ያለ ፍራሽም አልጋ ይመስላል። አባቶቻችን «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ያሉት እነዚህን ልጆች አስበው መሰለኝ። ያኔ ካሜራ ስላልነበረ ነው ግንድ ያሉት።

የካሜራ አመራረጣቸውም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ተራ ሰው «ምን ልቀርጽበት ነው?» ብሎ ይጀምራል። ቃለ መጠይቅ ነው ወይስ ሠርግ? አዳራሽ ውስጥ ነው ወይስ ፀሐይ ላይ? ባትሪው ምን ያህል ይቆያል? ብዙ ሲሠራ ግሎ ይጠፋል ወይ? ማይክ የሚሰካበት ቀዳዳ አለው? ጀግኖቻችን እንዲህ ያለ ተራ ነገር ውስጥ አይገቡም። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ስንት ኬ ነው?»

4ኬ ማለት ወርዱ 3840፣ ቁመቱ 2160 ነጥብ የሆነ ምስል ነው። ሲባዛ 8.3 ሚሊዮን ገደማ ነጥብ ይመጣል፤ የፉል ኤችዲ አራት እጥፍ። ተመልካቹስ? ባጃጅ ውስጥ ተቀምጧል። ዳታው እንዳያልቅበት ጥራቱን ወደ 360 አውርዶ ያያል። እዚያ ላይ ያለው 230 ሺሕ ነጥብ ብቻ ነው። ከ36 ነጥብ አንዷ ደረሰችው ማለት ነው። የቀሩት 35ቱ ለቀራጩ ኅሊና ናቸው።

ኅሊና ደግሞ ብዙ ቦታ ይፈልጋል። በሴኮንድ 100 ሜጋ ቢት የሚጽፍ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋ ባይት ይሞላል። ሠርግ ከጠዋት እስከ ማታ በሦስት ካሜራ ሲቀረጽ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። ያ ሁሉ ተገልብጦ የሚያድረው ግን አንዲት ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ካሜራ ሦስት፣ ሃርድ ዲስክ አንድ። ሙሽሮቹስ ቢሆኑ የሚጋቡት አንዴ አይደል? ምን ቅጂ ያስፈልጋል?

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ብር የማያስወጣ መፍትሔን መናቃቸው ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ሞገዱ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። አሜሪካ 60 ነው። ዘመድ ከዚያ በሻንጣ ያመጣው ካሜራ ለዚያው አገር ተዘጋጅቶ ይመጣል። ከዚያ አዳራሽ ውስጥ፣ በአምፖል ሥር ሲቀርጹበት ምስሉ ይርገበገባል። ሜኑ ውስጥ ገብቶ ኤንቲኤስሲ የሚለውን (የ60 ኸርዝ አገሮችን) ወደ ፓል (ወደ 50 ኸርዙ) ቀይሮ፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም ላይ አድርጎ፣ ሹተሩን 1/50 ሴኮንድ ማድረግ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ጀግናው ግን ሜኑ አይከፍትም። «ካሜራው አርጅቷል» ይላል። ይሸጠዋል። የሚገዛውም ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ሌላ ነው።

ስለ ቀለም ባላነሣ ይታዘቡኛል። ሎግ የሚባል አቀራረጽ አለ። ምስሉን ሆን ብሎ ግራጫና ፈዛዛ አድርጎ ይይዛል፤ ደማቅ ሰማይና ጥቁር ጥላ አንድ ላይ ሲመጡ ሁለቱም እንዳይጠፉ። ቀለሙ በኋላ በኤዲቲንግ ይወጣል። ለጣና ፀሐይ ጥሩ ነገር ነው። በሚያዝያ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ እዚህ አናት ላይ ቀጥ ብላ ስለምትቆም፣ ያን ጊዜ ቀረጻ የወጣ ሰው ሎግ ቢመኝ አልፈርድበትም። ችግሩ 8 ቢት ካሜራ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ነው ያለው። 10 ቢቱ 1024 አለው። በ8 ቢት ሎግ ቀርጾ ቀለሙን የጎተተ ሰው ያ ለስላሳ ሰማይ በመስመር በመስመር ተሸንትሮ ያገኘዋል። የኛ ጀግና ለዚህም መላ አለው። ቀለሙን ጨርሶ አይነካውም። ግራጫውን እንዳለ ይለቀዋል። ለምን ሲባል «ሲኒማቲክ ነው» ይላል።

የነካው ዕለት ደግሞ ጉድ ነው። ከኢንተርኔት ያወረደውን ዝግጁ ቀለም ይጭንበታል። ሰው ሁሉ ብርቱካን ይሆናል። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ደለላቸውን ይዘው ሲገቡ ጣና ቡናማ እንደሚሆን የባሕር ዳር ሕፃን ያውቃል። በቪዲዮው ላይ ግን ማልዲቭስ ነው።

ኤዲቲንጉን በአጭሩ ልለፈው። ላፕቶፑ 4ኬ አልጎትት ስላለው ጀግናው አዲስ ላፕቶፕ ያስባል። ፕሮክሲ የሚባል ነገር አለ። ፕሮግራሙ ከትልቁ ፋይል አነስተኛ ቅጂ ይሠራል፤ በሱ ቆርጠህ ትጨርሳለህ፤ ስታወጣ ዋናው ተመልሶ ይገባል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራምም በነፃ የሚወርድ ስሪት አለው፤ ለአንድ የባሕር ዳር ዩቲዩበር ከበቂ በላይ ነው። ግን በነፃ የመጣ ነገር ምን ያኮራል? ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ) ፕሮግራም በየአሥር ደቂቃው ሲዘጋ ነው ሙያ ሙያ የሚሸተው። ያልተዘጋ ቀን መብራት ይሄዳል። ሴቭ አልተደረገም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በዓይኔ ስላየሁት ቀረጻ።

ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት አቅራቢያ የደንገል ታንኳ የሚሠሩ አንድ አባት አሉ። ሦስት ልጆች ሊቀርጿቸው መጡ። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ደንገሉ መቼ ይታጨዳል፣ ስንት ቀን ይደርቃል፣ እንዴት ይታሰራል፣ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ምን ይደረጋል፤ ይህን የሚነግሩን ሰዎች እየቀነሱ ነው። ልጆቹ አንድ ሰዓት ሙሉ ዕቃ ገጣጠሙ። ጊምባሉ ሚዛን እስኪይዝ ሽማግሌው ጋቢያቸውን ደርበው ጠበቁ። አንዱ ካሜራ ሩቁን የሚያቀርብ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ስለገጠመ አምስት ሜትር ያህል ራቀ። ከኋላ ያለው ሐይቅ እንዲደበዝዝ ነው። ደበዘዘም። እንዴት እንደሚያምር!

ሽማግሌው ማውራት ጀመሩ። ነፋሱ ከሐይቁ ይመጣል። ሞተር ጀልባ ሰው ጭኖ ያልፋል። ሌላው ይመለሳል። ማይክ የለም፤ ካሜራው ላይ ያለችው ትንሿ ማይክ ናት የምትሰማው። ከአፍ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ የተሰካ ማይክ ወደ 5 ሜትር ሲርቅ የሚሰማው ድምፅ በ28 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ) ገደማ ይወርዳል። ጀልባው ግን አይወርድም። ነፋሱም አይወርድም።

ሽማግሌው ራሳቸው ነቁ። ደንገሉን ጠበቅ አድርገው እያሰሩ ቀና አሉና፣

«ልጄ፣ ይሰማል ግን?» አሉ።

«ያምራል አባባ!»

«መስማቱን ነው የጠየቅሁ።»

«ኧረ በጣም ያምራል! እርስዎ ወደኛ አይዩ፣ ሥራዎን ብቻ ይሥሩ።»

«እሽ የኔ ጌታ» ብለው ቀጠሉ።

ጆሮ ላይ የተደረገ ሄድፎን አልነበረም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለካሜራማን ደግሞ ዘመድም ጎረቤትም አይደለም። ከሦስቱ የአንዱ ስልክ ሽማግሌው ጋቢ ሥር ቢገባ፣ ድምፅ መቅጃው ተከፍቶ፣ አንዴ ቢጨበጨብና በጭብጨባው ከምስሉ ጋር ቢገጠም ንግግራቸው ጥርት ብሎ በተቀዳ ነበር። ስልኮቹ ግን ሥራ ላይ ነበሩ። አንዱ የሚቀርጸውን ሌላው እየቀረጸው ነበር፤ ለቲክቶክ።

ቪዲዮው ወጣ። ሽማግሌው በስሎው ሞሽን ደንገል ያነሣሉ። በስሎው ሞሽን ያስራሉ። በስሎው ሞሽን አፋቸው ይንቀሳቀሳል። ከላይ ከኢንተርኔት የወረደ ፒያኖ አለ። በመጨረሻ «ጥበብ አይሞትም» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። አልሞተም፤ ሲናገር ግን አልተሰማም። ደንገሉ መቼ እንደሚታጨድ ያወቀ ተመልካች የለም።

ለፍትሕ ያህል የሙያው አሳፋሪ የሆነ አንድ ልጅ እንዳለም መናገር አለብኝ። ካሜራው አሮጌ ነው፤ 4ኬ የለውም። ሌንሱ አንዲት 50 ሚሊ ሜትር ናት፣ ኤፍ 1.8፣ በየቦታው የምትገኘው ርካሿ። ትራይፖዱ ከባድ ስለሆነ ማንም ሊዋሰው አይፈልግም። ዕቃው ሲታይ ያሳፍራል። ይባስ ብሎ ገመድ ያለው ማይክ ደረት ላይ ይሰካል። ጆሮው ላይ ሄድፎን አድርጎ፣ ገና ካሜራ ሳይከፍት፣ ቆሞ ያዳምጣል። ባጃጅ ሲያልፍ ሰውየውን «ይቅርታ፣ አንዴ ይድገሙልኝ» ይላል። ነፋስ ሲበረታ ባለታሪኩን አስነሥቶ ግድግዳ ጥግ ይወስዳል። ጨርሶም የቀረጸውን ሁለት ቦታ ይገለብጣል፤ አንዱን እናቱ ቤት ያስቀምጣል። ከዚህ የባሰ ውርደት አለ?

ደንበኞችም አብረውት አበዱ መሰለኝ፤ እሱኑ ይጠሩታል። ጀግኖቻችን ይህን ሲሰሙ ያዝናሉ። አንዱ በቁጭት «ስንት ኬ ነው ግን የሚቀርጸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። አላመነኝም። «ከሱ ጀርባ ሌላ ካሜራ ደብቋል» አለ።

ስለ ድሮን አንድ ቃል አልናገርም። ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው፤ ቀልድም አይወድም።

እነዚያ ሦስት ልጆች በቀደም ታንኳ ሠሪው ጋ ተመልሰው ሄዱ። ይህ በራሱ የሚያስመሰግን ነው። ያለፈው ቪዲዮ እንዳልተሳካ ገብቷቸዋል። ምክንያቱንም ደርሰውበታል፤ ካሜራው ነበር። አሮጌውን ሸጠው፣ ተበድረው ጨምረው፣ 6ኬ ይዘው መጥተዋል። ሽማግሌው አዩአቸውና፣

«ምነው ልጆቼ፣ ያን ቀን ሁሉንም ነግሬያችሁ አልነበር?» አሉ።

«አዎ አባባ፣ አሁን ግን በ6ኬ ነው።»

እኔም ጠጋ ብዬ ማይክስ ይዛችኋል ወይ አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ።

«ማይክማ ልንገዛ ነበር» አለ አንደኛው፣ «ብሩ ካሜራው ላይ አለቀ እንጂ።»