ደረት ላይ የተሰካ ምስክር

የሰው ልጅ ከሚዋሻቸው ውሸቶች መካከል ማንንም የማይጎዳው «እኔም እዚያ ነበርኩ» የሚለው ይመስለኛል። ስሙ በገነነ በማንኛውም ኮንሰርት ላይ ተገኝቻለሁ የሚሉት ሁሉ በአንድነት ቢሰበሰቡ ሜዳው ቀርቶ ከተማው አይበቃቸውም። አሜሪካኖች ለዚህ ውሸት የሚሆን መሣሪያ ካበጁ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ክብ ነው፣ ከኋላው መርፌ አለው፣ ደረት ላይ ይሰካል፣ ከፊቱም አንድ ዘፋኝ ወይም ተዋናይ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። ባጅ ነው።

ባጁ ተፈትቶ ሲታይ ነገረ ሥራው ቀላል ነው። ክብ ሆኖ የተቆረጠ ስስ ቆርቆሮ፣ በላዩ የታተመ ወረቀት፣ በወረቀቱ ላይ እንደ መስታወት የሚያሳይ ሽፋን፣ ሁሉንም ከኋላ አንቆ የሚይዝ የብረት ቀለበት፣ በቀለበቱም ውስጥ ተጠማዝዞ የገባ ሽቦ፤ በቃ። በኒው ጀርዚ ክፍለ ግዛት በኒዋርክ ከተማ የነበረው ዋይትሄድ ኤንድ ሆግ የተባለው ኩባንያ ይህን አሠራር በ1896 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በባለቤትነት መብት አስከበረው። ዓመቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ስለነበረበት በመጀመሪያ ደረት ላይ የወጡት ዘፋኞች ሳይሆኑ ተፎካካሪዎቹ ማኪንሊና ብራያን ነበሩ። ያኔ ላይኛው ሽፋን የሚሠራው ሴሉሎይድ ከሚባል ነገር ነበር፤ አሜሪካዊው ጆን ዌስሊ ሃያት ሴሉሎይድን የሠራው የከረንቡላ ኳስ ከዝሆን ጥርስ ሌላ ከምን ሊሠራ እንደሚችል ሲፈልግ ነበር። የጥንቱ የሲኒማ ፊልምም ከዚሁ ነገር ይሠራ ስለነበር፣ ተዋናዩ በመጋረጃው ላይ የሚሮጠውም በአድናቂው ደረት ላይ ቀጥ ብሎ የሚስቀውም በአንድ ዓይነት ሽፋን ላይ ሆኖ ነበር። ሽፋኑ እሳት ሲነካው ቶሎ የሚነድ መሆኑ ግን የዘመኑን ነጋዴዎች አላሳሰባቸውም፤ እንዲያውም በዚያው በ1896 «ሃይ አድሚራል» የተባለው ሲጋራ የዘመኑን ታዋቂ የጋዜጣ ሥዕል፣ ቢጫ ቀሚስ የለበሰውን ራሰ በራ ሕፃን፣ በባጅ እያሳተመ ማስታወቂያ አደረገው። ሕፃን ልጅ፣ ሲጋራና ተቀጣጣይ ሽፋን በአንድ ደረት ላይ መገናኘታቸውን ያኔ ማንም እንደ ነውር አልቆጠረውም።

ለልጆች ማሰብ የተጀመረው ቆይቶ ነው፤ ያውም በሒሳብ። የኬሎግ ኩባንያ የሱፐርማንን የሬዲዮ ድራማ በገንዘብ ይደግፍ ነበርና፣ ከ1945 ጀምሮ ፔፕ በተባለው የቁርስ እህል ካርቶን ውስጥ የጋዜጣ ሥዕል ገጸ ባሕርያትን የያዙ ትናንሽ የቆርቆሮ ባጆች ይጨምር ጀመር። አምስት ምድብ፣ በእያንዳንዱ ምድብ 18 ባጅ፣ ይህ ሁሉ ተደምሮ ግን 90 ሳይሆን 86 ዓይነት ነው፤ ምክንያቱም ሱፐርማን በአምስቱም ምድብ ውስጥ ተደጋግሟል። ይህን ሒሳብ ያወጣው ሰው የልጅን ልብ የሚያውቅ ጨካኝ መሆን አለበት። ሕፃኑ የጎደለውን አንድ ገጸ ባሕርይ ተስፋ አድርጎ እጁን እስከ ክርኑ ካርቶኑ ውስጥ ሲያስገባ፣ ያው ሱፐርማን ጡንቻውን አሳብጦ ይጠብቀዋል፤ እናቲቱም የበፊቱ ሳያልቅ ሌላ ካርቶን ትገዛለች። የሕፃኑን ብስጭት ሽያጭ ማድረግ ከተቻለ፣ የጎልማሳውን ፍቅር ለምን አይቻልም?

ለዚህ ጥያቄ ሁነኛ መልስ የሰጡት የዘፋኙ የኤልቪስ ፕሪስሊ ሥራ አስኪያጅ ኮሎኔል ቶም ፓርከር ናቸው። ማዕረጋቸውን ሰምቶ ጦር የመሩ የሚመስለው አንባቢ እንዳይሳሳት፣ ኮሎኔልነቱን ያገኙት ራሱ ዘፋኝ ከነበረው የሉዊዚያና ገዥ ከጂሚ ዴቪስ በ1948 በክብር ስም ነው። የተወለዱት በሆላንድ ሲሆን የልደት ስማቸውም ቶም አልነበረም፣ ፓርከርም አልነበረም። እንግዲህ ስሙም ማዕረጉም የተለጠፈ ሰው ባጅ ለመሸጥ ከማንም ይበልጥ የተገባው ነው። በ1956 ኤልቪስ ወገቡን እያወዛወዘ በቴሌቪዥን ሲታይ ግማሹ አሜሪካ በፍቅር ሲጮህ፣ የቀረው ግማሽ፣ በተለይም ወላጆችና ሰባኪዎች፣ በቁጣ ይጮህ ነበር። ሌላ ሥራ አስኪያጅ ቢሆን ተቆጪዎቹን ለማባበል ይሞክር ነበር። ኮሎኔሉ ግን «ኤልቪስን እወደዋለሁ» ከሚለው ባጅ ጎን «ኤልቪስን እጠላለሁ» የሚል ባጅ አሳትመው ሸጡላቸው እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረካል። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ያለው ያገራችን ሰው ይህን ቢያይ ኮሎኔሉን በዝምድና ይጠራቸው ነበር። እስኪ የተሳዳቢውን ሁኔታ አስቡት፤ ልጁን የሚያበላሽበትን ዘፋኝ ለማውገዝ በከፈላት ሳንቲም ዘፋኙን ያበለጽጋል፣ በደረቱም ላይ የዚያኑ ዘፋኝ ስም እያንጠለጠለ በየመንገዱ በነፃ ያስተዋውቃል። እኔ በበኩሌ ጠላትን ደመወዝ የማይጠይቅ ሠራተኛ ያደረገ ሌላ ሰው አላውቅም። ዛሬ በየስልካችን የማንወደውን ሰው ቪዲዮ እየፈለግን ከሥሩ ስድብ ስንጽፍና ተመልካቹን ስናበዛለት የምናደርገውም ያንኑ ባጅ መሰካት ነው።

ቢትልሶች ጋ ስንመጣ ደግሞ ባጁ የሠራው በራሳቸው በዘፋኞቹ ላይ ነው። በየካቲት ወር 1964 በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ሲቀርቡ 73 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመልክቷቸዋል፤ በማግስቱ ስማቸው ያልተጻፈበት ዕቃ ጠፋ። ልጃገረዶች የቡድኑን ከበሮ መቺ እያሰቡ «ሪንጎን እወደዋለሁ» የሚል ባጅ ሰክተው ክፍል ሲገቡ፣ ከዚያ ፍቅር ላይ ማን ምን እንደሚቆርጥ አያውቁም ነበር። የዕቃዎቹን የንግድ ፈቃድ የያዘው፣ ቢትልስ የሚለውን ስም ከኋላ ወደፊት አንብቦ ራሱን ሴልታብ ያለው ድርጅት ነው፤ ስሙን ብቻ ሳይሆን ትርፉንም ገለበጠው። በመጀመሪያው ውል መሠረት ከፈቃዱ ገቢ ከመቶ ዘጠናው ለድርጅቱ፣ ቀሪው አሥሩ ለቢትልስ ወገን ነበር። የመርካቶ ደላላ ይህን ቢሰማ ደንግጦ «ኧረ ለሰውየውም ይቅር!» ይል ነበር። ውሉ ከወራት በኋላ ተሻሽሏል፤ ከዚያ በኋላ የበለጸጉት ጠበቆች ናቸው።

የለንደኖቹ ፓንኮች፣ ጩኸታም ሙዚቃ የሚወዱት አመፀኛ ወጣቶች፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ ከዚህ ሁሉ ንግድ ራሳችንን አወጣን ብለው ተነሡ። ባጁንም አሳንሰው፣ ከአንድ ብር ሳንቲም ብዙም የማይበልጥ አድርገው፣ ተቃውሟቸውን በጃኬት ላይ እንደ ኩፍኝ በተኑት። ተቃውሞው ብዙ ስለተፈለገ ቤተር ባጅስ የተባለ ድርጅት እዚያው ለንደን እያተመ ይሸጥላቸው ገባ። በቺካጎ ደግሞ በሐምሌ 1979 አንድ የሬዲዮ አቅራቢ በቤዝቦል ሜዳ መካከል የዲስኮ ሸክላዎችን በፈንጂ ሲያጋይ፣ ሕዝቡ ሜዳውን ወርሮ በዕለቱ ሊደረግ የነበረው ሁለተኛው ጨዋታ ሳይካሄድ ቀረ፤ የዚያን ዘመን «ዲስኮ ይውደም» ባይ ባጆችም ዛሬ ከዲስኮ ባጆች ጎን፣ በአንድ መሳቢያ፣ በአንድ ሰብሳቢ ቤት በሰላም ይኖራሉ።

ሰብሳቢው የሚባለው ፍጡር ራሱን የቻለ ጥናት ይገባዋል። በሜሪላንድ የሚኖር አንድ ወዳጄ ከእነዚህ ወገን ነው። ባጅ ሲቀርብለት በመጀመሪያ የሚያየው የዘፋኙን ፊት አይደለም፤ ገልብጦ ጀርባውን ያያል፣ በቀለበቱ ውስጥ የአሳታሚው ስም ያለበት ወረቀት መኖሩን ይመረምራል፣ ከዚያም አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ተክሎ በጠርዙ ዙሪያ የታተመውን ደቃቅ ጽሑፍ ያነባል። ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው እርጥበትን ነው፤ ውኃ በሽፋኑና በወረቀቱ መካከል ከሰረገ ቡናማ ጠብታ መሳይ እድፍ ጥሎ ስለሚቀር፣ የዘፋኙ ጉንጭ ማዲያት የወጣበት ይመስላል፣ ዋጋውም በዚያው ይወድቃል። አስመሳይ ዕቃም ሌላው ሥጋቱ ነው። አሜሪካ በ1973 ባወጣችው ሕግ የፖለቲካ ባጅ አስመስሎ የሠራ ሰው የሠራበትን ዓመት በላዩ እንዲያትም ታስገድዳለች፤ የዘፋኞችን ባጅ ግን ሕጉ አልጠቀሰውም። ማኪንሊ በሕግ ተጠብቋል፣ ኤልቪስ ግን ለአስመሳይ ተትቷል፤ ከሁለቱ የማን ፊት ይበልጥ እንደሚሸጥ ለማወቅ ደግሞ ጠበቃ ማማከር አያሻም።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። በዚህ ገበያ ላይ ከሁሉ ውድ የሚሆነው ያልተሰካ ባጅ ነው። በ1964 አንዲት ልጃገረድ ከሸሚዟ ላይ ሳትነጥል ያለቀሰችበት፣ ዝናብ የመታው፣ ሽቦው የጎበጠ፣ በእርግጥም እዚያ የነበረው ባጅ «ያገለገለ» ተብሎ በርካሽ ይጣላል። ከፋብሪካ ወጥቶ በሣጥን ተዘግቶ የኖረው፣ ጩኸት ያልሰማው፣ ጨርቅ ያልወጋው ባጅ ደግሞ እንደ ታቦት በጨርቅ ተጠቅልሎ ከአንዱ ሰብሳቢ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ወዳጄም ውዶቹን በመሳቢያ ቆልፎ፣ ወደ ውጭ ሲወጣ አዲስ የታተመውን ርካሹን ይሰካል። እንግዲህ ያልነበረ ሰው፣ ያልነበረ ባጅ ሰክቶ፣ ሌላ ያልነበረ ባጅ ደግሞ ቤቱ ቆልፎ፣ ስለነበረው ነገር ይመሰክራል።

ባለፈው ክረምት አክስቱ ከጎንደር ሊጠይቁት መጥተው ነበር። በር ሲከፍትላቸው ደረቱ ላይ የተሰካውን የኤልቪስን ፎቶ አዩ። በአገራችን የሰው ፎቶ ደረት ላይ ከተሰካ ለቅሶ ነውና፣ ሴትዮዋ ሻንጣቸውን እመሬት ጥለው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

«ውይ ልጄን! እንዴት ያለ መልከ መልካም ነው! እግዜር ያጥናህ። ምን ሆኖ ሞተ?»

«ልቡ ቆሞ ነው እቴቴ፤ ግን እኮ...»

«አርባው ወጥቷል?»

«አርባ ዓመት እንኳ አልፎታል።»

አክስት ነጠላቸውን ቀና አድርገው የወንድማቸውን ልጅ ከእግር እስከ ራሱ ተመለከቱት። «ታዲያ እስከ ዛሬ ከል አታወልቅም? የሚመክርህ ሰው ጠፋ?» አሉት። ያን ዕለት ማታ ወደ አገር ቤት ደውለው፣ ልጁ ብቸኝነት እንደጎዳው፣ ቶሎ ሚስት ካልተፈለገለትም ነገሩ እንደማያምር ለቤተ ዘመድ አስታወቁ።

እኛንም በቀጥታ የሚመለከት ባጅ አለ። የሬጌ አድናቂዎች ከቦብ ማርሊ ፎቶ ጎን ለጎን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ምስልና የይሁዳን አንበሳ ይሰካሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1966 ጃማይካን ሲጎበኙ የራስ ተፈሪያን አማኞች አውሮፕላን ማረፊያውን አጥለቅልቀው ተቀብለዋቸዋል፣ ሙዚቃውም ምስላቸውን ይዞ ዓለምን ዞሯል። በዋሽንግተን የምድር ባቡር ውስጥ አንድ ያገራችን አዛውንት፣ ከፊት ለፊታቸው የተቀመጠ ፈረንጅ ወጣት ጃኬቱን በባጅ ሞልቶት ያያሉ። ከላይ ጊታር የታቀፈ ጎፈሬ ሰው አለ፣ ከእርሱ በታች፣ ወደ ኪሱ ጠጋ ብለው፣ ጃንሆይ ተሰክተዋል። አዛውንቱ ሁለት ጣቢያ በትዕግሥት አለፉ። በሦስተኛው ላይ ግን ከዘራቸውን አንሥተው፣ ባላቸው እንግሊዝኛ፣ የነገሥታት ንጉሥ ከአዝማሪ በታች የተቀመጡበት ሥርዓት በየትኛውም አገር እንደሌለ አስረዱት።

ወጣቱ የከዘራው ጫፍ ከወዴት ወዴት እንደሚጠቁም ተከትሎ ነገሩን ተረዳ። ሳያቅማማም መርፌዎቹን ነቅሎ ጃንሆይን ወደ ላይ፣ ባለ ጊታሩን ወደ ታች አዛወረ።

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ወንበራቸው ተደገፉ። ትንሽ ቆይተው ግን ቀና አሉና «ለመሆኑ ያኛው ማን ነው?» ብለው ጠየቁት። ወጣቱ የዘፋኙን ስም ነገራቸው።

«አላውቀውም» አሉ፤ «እዚያው ታች ይበቃዋል።»