ሲጮኽ የእኛ፣ ሲነክስ የመንደሩ

ባለፈው እሑድ በዕድራችን ስብሰባ ላይ ከወርኃዊ መዋጮና ከድንኳን ጥገና ቀጥሎ የተነሣው ጉዳይ ውሻ ነበር። በዚያው ሳምንት አንድ የሰፈራችን የሰባት ዓመት ልጅ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ባቱን ተነክሷል። ውሻው እዚያው በዱላ ተቀጥቅጦ ሞተ፤ ሬሳውም ወንዝ ውስጥ ተጣለ። በስብሰባው ላይ አንድ የማከብራቸው ጎረቤታችን ተነሥተው «ሥጋ ገዝቶ፣ መርዝ ለውሶ ማታ መበተን ነው፤ ሌላ መላ የለውም» ሲሉ ብዙው ሰው ደገፋቸው። እኔ ልቃወም እጄን ባወጣም ሰዓቱ ሄዶ ስለነበር የዕድሩ ዳኛ ጉዳዩን ለሚቀጥለው ስብሰባ አሳደሩት። እስከዚያው የምለውን እዚህ ልበል።

ልጁን የነከሰው የጎዳና ውሻ አልነበረም። ሁላችንም እናውቀዋለን። ቡናማ፣ ገና በቡችላነቱ «ቁጡ እንዲሆን» ተብሎ ጆሮው የተቆረጠ፣ ቀን ከአንድ ግቢ በር ሥር ተጋድሞ የሚውል፣ ማታ የዚያኑ ግቢ ፍርፋሪ በልቶ ለዚያው ግቢ የሚጮኽ ውሻ ነበር። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ። ሌሊት እግር በተሰማ ቁጥር ሲጮኽ የቤቱ ሰዎች «የእኛ ውሻ ዝንብ አያሳልፍም» ብለው ሲኮሩበት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጁ በተነከሰ ዕለት ግን «የእኛ አይደለም፣ እንዲያው በራችን ላይ ስለሚያድር ነው» አሉ። ሲጮኽ የእነሱ ነበር፤ ሲነክስ የመንደሩ ሆነ። በእነሱ ብቻ ልፈርድባቸው አልችልም። አብዛኞቻችን ውሻ የምናኖረው እንዲሁ ነው፦ ጥቅሙን ወደ ግቢያችን፣ ኃላፊነቱን ወደ አስፋልቱ አድርገን።

ሕጉ እንዲህ ያለውን መሸሻ አይሰጥም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው በድንገት ከእጁ አምልጦ ቢሆንም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም። ይህን የማነሣው ጎረቤት ከጎረቤት ይካሰስ ለማለት አይደለም። «በራችን ላይ ስለሚያድር ነው» የሚለው መልስ ከዛሬ ስልሳ ዓመት በፊትም እንደማያስኬድ የታወቀ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ስለ በሽታው በግልጽ እንነጋገር። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በንክሻው ገብቶ በነርቭ መስመር ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ይወስዳል፤ አንዳንዴ ሳምንት፣ አንዳንዴ ዓመት ይሆናል። ምልክቱ ከታየ፣ ሰውዬው ውኃ መፍራትና ምራቁን መዋጥ ማቃት ከጀመረ፣ የሚያድን መድኃኒት የለም። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል። ከመቶው ሞት ዘጠና ዘጠኙ ከውሻ የሚመጣ ነው። ተጠርጣሪ እንስሳ ከሚነክሳቸው መካከል 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች መሆናቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ልጅ ቁመቱ አጭር ነው፤ ፊቱ ለውሻ አፍ ይቀርባል። ደግሞም ተቆጡኝ ብሎ ስለሚፈራ የተነከሰውን ይደብቃል። እንደ እኔ ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ይብሳል። ልጆቻችንን ከምንም በፊት «ውሻ ከነከሰህ አልቆጣህም፣ ንገረኝ» ማለት አለብን።

ከተነከሱ በኋላ የሚደረገው ነገር ቀላል ነው። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት መጀመር። ጠበልም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚሻ ሰው እምነቱን አልነካበትም፤ ክትባቱን ግን ያስቀድም። እኛ ሰፈር የተፈጸመው ትልቁ ስሕተት ደግሞ ሌላ ነው፤ ውሻውን ቸኩሎ መግደል። የነከሰ ውሻ ታስሮ ለ10 ቀን ይታያል። አሥሩን ቀን በጤና ከጨረሰ በነከሰበት ሰዓት በምራቁ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፤ ሐኪሙም የልጁን ክትባት ሊያቋርጥለት ይችላል። በመሀል ከሞተም አንጎሉ ተመርምሮ ነገሩ ይለያል። እኛ ውሻውን ገድለን ወንዝ ስንጥለው መልሱን አብረን ጣልነው። አሁን ልጁ መርፌውን አንድ ሳይቀር መውሰድ አለበት፤ እናቱም እንቅልፍ የላትም።

ይህን ስጽፍ ታላቅ ወንድሜ ትዝ ይለኛል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከኮልፌ ተነሥቶ አባቴ በየማለዳው እጁን ይዞ ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ወዳለው ፓስተር ይወስደው ነበር። የዛሬው የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው፤ ሰፈሩም እስከ ዛሬ ፓስተር ይባላል። የዚያን ጊዜው ክትባት ከእንስሳ አንጎል የሚሠራ ሲሆን የሚወጋው ሆድ ላይ ነበር፤ በየቀኑ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል። ወንድሜ ማታ ሲተኛ ብርድ ልብስ ሆዱን እንዳይነካው በጉልበቱ ድንኳን ይሠራ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ያ ዓይነቱ ክትባት እንዲቀር ሲመክር ቆይቷል፤ አዲሱ ክንድ ላይ የሚሰጥ ሲሆን መርፌውም ጥቂት ነው። ወንድሜን የነከሰው ውሻም የእኛው ነበር። ከግቢያችን ያደገ፣ እኔ ራሴ ቡችላ ሆኖ በሸሚዜ አቅፌ ያመጣሁት። መከተብ የሚባል ነገር መኖሩን በቤታችን የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬ ግን «አላወቅንም ነበር» የሚለው ምክንያት አይሠራም።

አሁን ወደ መርዙ ልምጣ። ይህ በከተማችን አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ ስትሪክኒን የተባለው መርዝ የተለወሰበት ሥጋ ሌሊት ተበትኖ ጠዋት ሬሳ የሚለቀምበትን ጊዜ ብዙዎቻችን አይተናል። ያን የውሻ አሟሟት ያየ ሰው አይረሳውም። ርኅራኄውን እንኳ ለጊዜው ብንተወው፣ መርዙ የተባለለትን ሥራ አይሠራም። ውሻ ሰፈር የሚይዘው ቆሻሻውና ልፋጩ ስላለ ነው። ያሉት ሲሞቱ ምግቡ ይቀራል፤ በወር በሁለት ወር ውስጥ ከወዲያኛው ሰፈር ሌሎች መጥተው ቦታውን ይይዛሉ። መጤዎቹ ልጆቹን አያውቁም፣ ልጆቹም እነሱን አያውቁም። መርዙ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም፤ ስለዚህ በሽታውን የሚያግደውን አጥር ራሳችን እናፈርሳለን። የአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ከተከተቡ ግን በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል። ከአሥር ውሻ ሰባቱ ማለት ነው። የመርዙንና የሥጋውን ወጪ ከምንሸፍንበት የዕድር ካዝና፣ የእንስሳት ሐኪም አስመጥተን አንድ ቅዳሜ ጠዋት ውሾቹን ሁሉ ብናስከትብ ይቀለናል።

ሰው እንስሳ ለምን ይይዛል? ለጥበቃ ብቻ አይደለም። እናቴ ጉልበቷን ታማለች፤ ሦስቱ ልጆቿ ከአገር ወጥተዋል፤ እኔም የምደርሰው በሳምንት አንዴ ነው። ቡቺ የሚባል ውሻ አላት። ቤት ውስጥ አይገባም፤ ጸሎት የምታደርስበትን ክፍል እንዲረግጥባት አትፈልግም፤ እኔም በዚህ አልከራከራትም። በረንዳው ላይ ጆንያ ተነጥፎለት ያድራል። ጠዋት 12 ሰዓት ሲሆን በሩን በጥፍሩ ይቧጥራል። እሷ «ይኸው መጣሁ፣ ምን ያጣድፍሃል» እያለች ተነሥታ ትከፍትለታለች፤ ምግቡን ታሞቃለች፤ ከዚያ እስከ አጥሩ ድረስ አብረው ይሄዳሉ። አንድ ቀን «እሱ ባይኖር ለማን ብዬ እነሣለሁ» አለችኝ። እኔ ልጇ ነኝ፤ ቃሉ ከበደኝ፤ ግን እውነቷን ነው። ቨርጂኒያ ያለችው እህቴም በቪዲዮ ስትደውል ከሰላምታ ቀጥሎ «እስቲ ቡቺን አሳዪኝ» ትላለች። የእናቴ ጤንነት ከቡቺ ሁኔታ ይታወቃታል፤ ውሻው ከሳ ማለት እናቴ አልተነሣችም ማለት ነው።

ስለዚህ «እንስሳ ማላመድ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚሉኝን አልቀበላቸውም። ድመት ጎተራ ጠብቃ፣ ውሻ በግ አግዶ አብሮን የኖረ ነው፤ ጃንሆይም ሉሉ የምትባል ትንሽ ውሻ ነበረቻቸው። በሌላ በኩል፣ በስልካቸው ያዩትን ተከትለው ውሻ አልጋ ላይ ካልተኛ ጭካኔ ነው የሚሉ ወጣቶችንም አልከተላቸውም። በእስልምናም በክርስትናም ውሻን ከቤት ውስጥ የሚያርቅ ሰው ሃይማኖቱን እየጠበቀ ነው፤ እንስሳው በረንዳ ላይ በደንብ ሊኖር ይችላል። የሚበድለው ሰው ሌላ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በአንድ ክንድ ሰንሰለት አስሮ የሚያውል፣ ማታ ፈትቶ ወደ መንገድ የሚለቅ።

የሴት ውሾችን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ቡችላ የሚፈልግ ሁሉ ወንድ ይፈልጋል። ሴቶቹ በካርቶን ተደርገው ገበያ ዳር ወይም ወንዝ ዳር ይጣላሉ። ከእነዚህ የተረፈችው ዓመት ሳይሞላት ማርገዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋ ሁለት ወር ነው፤ በዓመት ሁለቴ ልትወልድ ትችላለች። «የጎዳና ውሻ በዛ» የምንለው ውሻ ከሰማይ አልወረደም፤ ከግቢያችን የወጣ ነው። ማምከን በእንስሳት ሐኪም እጅ የሚሠራ የታወቀ ሥራ ነው። ያን ማድረግ የማይችል ሰው ሴት ውሻ አያኑር፤ ወንዱንም ከግቢ አይልቀቅ። ቡችላውንም በወሩ ከእናቱ ነጥለው መንገድ ዳር ለመኪና መስኮት ከሚያሳዩ ልጆች አይግዛ። ውሻ ሰውንና ዓለምን የሚለምደው በግምት ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንቱ ድረስ ነው። ያን ጊዜ በካርቶንና በሰንሰለት ያሳለፈ ውሻ ሲያድግ ፈሪ ይሆናል፤ የሚነክሰውም አብዛኛውን ጊዜ ፈሪው ነው።

በዓል ሲደርስ የምናደርገውም አለ። በሬው ወይም በጉ ታርዶ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሲገኝ «ይህስ አይበላም» ብለን ለውሻው እንወረውራለን። በዚያ ከረጢት ውስጥ ያለው የአንዲት በጣም ትንሽ የኮሶ ትል ዘር ነው። በውሻው አንጀት ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ በልጆች እጅና ባልታጠበ አትክልት ወደ ሰው ይገባል። ከዚያ በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያው ከረጢት ለዓመታት በዝግታ ያድጋል፤ አንዳንዱ በቀዶ ጥገና ካልሆነ አይወጣም። ከሥጋ ቤት ለውሻ የሚገዛው ጥሬ ሳንባም ከዚህ አያመልጥም። በደንብ መቀቀል፣ ከረጢት ያለበትን መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ለውሻው በሐኪም ትእዛዝ የትል መድኃኒት መስጠት፤ ከዚህ በላይ አይጠየቅም።

የእኛ ቸልተኝነት ከሰፈር አልፎ እስከ ባሌ ተራሮች ይደርሳል። በዓለም ላይ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች አዋቂዎቹ 500 እንኳ አይሞሉም፤ አብዛኞቹ ባሌ ናቸው። ከአንድም ሦስት አራት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008፣ በ2014 ገደማ፣ ከአርብቶ አደሩ ውሾች የተነሣ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ብዙዎቹን ጨርሷቸዋል። እነዚያን ቀበሮዎች ለማዳን የሚደክሙት ሰዎች ዋና ሥራቸው ምን እንደሆነ ስሰማ ተገርሜ ነበር፤ በየመንደሩ እየዞሩ ውሻ መከተብ።

ስለዚህ ለሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ይህን ይዤ እቀርባለሁ። ውሻ ያለው ሰው በዕድሩ መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ የክትባት ካርዱን በዓመት አንዴ ያሳይ፤ በሩን ይዝጋ። በሦስት ወሩ መጀመሪያ፣ ከዚያም በየዓመቱ ማስከተብ የማይችል፣ ቤቱን ለቆ ሲሄድ ውሻውን ትቶ እንደሚሄድ ከወዲሁ የሚያውቅ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው በሌለበት የኮንዶሚኒየም ክፍል ቡችላ ዘግቶ የሚውል ሰው ይቅርበት፤ በዚህ የሚያሳፍር ነገር የለም። ባለቤት የሌላቸውንም ሐኪሙ ሲመጣ አብረን እናስከትባቸዋለን፤ የምናውቃቸው ልጆች ናቸው የሚመግቧቸው፣ ልጆቹ ይይዙልናል።

ትናንት ማታ ደብተር ይዤ በእኛ መሥመር ያሉትን ቤቶች አንኳኳሁ። አሥራ አንድ ቤት፣ ዘጠኝ ውሻ፣ ሁለት የክትባት ካርድ። መርዝ ይበተን ያሉት ጎረቤቴ ሁለት ውሾች አሏቸው፤ ካርድ የላቸውም፤ ቁጥሩን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «ሐኪሙ የሚመጣው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ልጁ የሚቀጥለውን መርፌ የሚወስደው ሐሙስ ነው።