ፈረሱን አትምቱት፣ ኮርቻውን እዩት

ኧረ ወገን፣ ይሄ የኮርቻ ነገር መቼ ነው የሚለይለት? ጫማ ሲገዛ ቁጥሩን የማይጠይቅ ሰው የለም። ኮርቻ ሲገዛ ግን የሚጠየቀው የቆዳው ቀለም፣ የግላሱ (ኮርቻው የሚለብሰው ጌጥ ጨርቅ) ጥልፍ፣ የእርካቡ ማማር፣ ከዚያ ዋጋው ነው። የተሸካሚው ጀርባ ልክ አይነሳም። ሻጩ አይጠይቅ፣ ገዢው አይናገር። ሳምንት ሳይሞላ ፈረሱ ኮርቻውን ሲያይ ጆሮውን ወደ ኋላ ይለጥፋል፣ ከሆዱ ስር የሚታሰረው ጠፍር ሲጠብቅ ሊነክስ ይዞራል፣ ቁልቁለት ላይ አልወርድም ይላል። ያኔ «ልግመኛ ነው»፣ «አመለኛ ነው» ተብሎ አለንጋ ይነሳል። ተረቱ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላል፤ እዚህ ጥፋቱ የዳውላው ሆኖ ዱላው የእንስሳው ነው!

ጀርባው ደልዳላ፣ ጫንቃው መጠነኛ የሆነ ፈረስ ገበያ የተገኘው ሁሉ ቢጫንበትም ብዙ ጊዜ ያመልጣል። መከራው የሌሎቹ ነው። ጋማው የሚያልቅበት ጉብታ ሹልና ከፍ ያለ ከሆነ የኮርቻው የፊት ቅስት አጥንቱ ላይ ያርፋል። ሰው ተቀምጦበት እንኳ በቅስቱና በጉብታው መካከል ሁለት ሦስት ጣት መግባት አለበት፤ ባዶውን ገብቶ ሰው ሲወጣበት የሚጠፋ ክፍተት ዋጋ የለውም። በተቃራኒው ጫንቃው ጠፍጣፋ፣ ጎኑ እንደ በርሜል የከበበ ፈረስ ላይ ኮርቻው ወደ ጎን ይንሸራተታል። ጌታው ጠፍሩን ያጠብቃል፣ አሁንም ያጠብቃል፣ በመጨረሻ ከፊት እግሩ ብብት ስር ቆዳው ይላጣል። መንሸራተቱ የቅስቱ ጥበት ያመጣው ነው፣ በጠፍር አይድንም።

ጀርባው የጎደጎደ ፈረስ ደግሞ ከሁሉም ያሳዝናል። ቀጥ ያሉት የኮርቻው የጎን እንጨቶች ከፊትና ከኋላ ብቻ ይነኩትና መሀሉ እንደ ድልድይ ባዶ ይቀራል። ጀርባው ሙሉ ሊሸከመው የሚገባው የ70 ኪሎ ሰው አራት ቦታ ላይ ብቻ ይወድቃል። ገጣባ፣ የጀርባ ቁስሉ ማለት ነው፣ የሚጀምረው እዚያ ነው።

የርዝመቱስ ነገር? የአገራችን ፈረስ አጭር ነው፣ ጀርባውም እንደዚያው። ፈረስ በየጎኑ 18 የጎድን አጥንት አለው፤ ክብደት መሸከም ያለበት ጎድን ያለበት ጀርባ ነው። ከመጨረሻው ጎድን ያለፈ እንጨት የሚጫነው ባዶ ወገብ ላይ ነው። ከፊት ደግሞ የትከሻው አጥንት በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ኮርቻው ከአጥንቱ ጠርዝ ሁለት ሦስት ጣት ርቆ መጀመር አለበት። በነዚህ ሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ነው የፈረሱ ልክ። የተቀማጩ ዳሌ ሰፋ ብሎ ኮርቻው ቢረዝም ጀርባው አብሮ አይረዝምም።

አሁን የሚያበግነኝን ልናገር። «ጠበበው? ብርድ ልብስ ጨምርበት» የሚሉት ምክር! ጠባብ ጫማ ውስጥ ሁለት ካልሲ ማድረግ እኮ ነው። ጠባብ ኮርቻ ስር የተጨመረ አጎዛ ይበልጥ ያጣብቀዋል። መደላድል የሚረዳው ኮርቻው ሲሰፋ፣ ወይም ጀርባው ሲጎደጉድ ባዶውን መሀል ብቻ ለመሙላት ነው። ያኔም ከሰረሰሩ (ከጀርባ አጥንቱ) ግራና ቀኝ ሁለት የተለያዩ ቁራጮች ይደረጋሉ፣ በመካከላቸው ሦስት አራት ጣት የሚያህል ቦይ ይተዋል። ጠፍሩ ከመታሰሩ በፊትም ጨርቁ ከቅስቱ ስር ወደ ላይ ይሳብ፤ ጫንቃው ላይ ተወጥሮ ከቀረ ራሱ ይቆርጣል።

ልኩን መውሰድ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ፈረሱን ሜዳ ላይ አራቱን እግሩን እኩል አቁሙት፣ አንገቱን ቀና ያድርግ። ወፍራም የኤሌክትሪክ ሽቦ ከትከሻው አጥንት ሁለት ጣት ኋላ ጀርባው ላይ አጋድማችሁ በእጃችሁ እየተጫናችሁ ቅርጹን አስይዙት፣ ሳይጣመም አንስታችሁ ካርቶን ላይ በእርሳስ ተከተሉት። አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ሄዳችሁ ድገሙት፣ መጨረሻው ጎድን ላይ ደግሞ ሦስተኛ። አራተኛው በርዝመቱ ነው፣ ከሰረሰሩ አጠገብ፤ መጎድጎዱን የሚያሳየው እሱ ነው። ካርቶኑን ቆርጣችሁ ቀንና ወሩን ጻፉበት።

ወሩ ለምን? መስከረምና ጥቅምት ሣር ጠግቦ የተለካ ፈረስ ግንቦት ላይ ሌላ ፈረስ ነው። ሲከሳ ጫንቃው ይሾላል፣ በጥቅምት ልክ የነበረው ኮርቻ ወርዶ አጥንቱን ይነካል። በክሳቱ የተለካው ደግሞ በጥጋቡ ይቆነጥጠዋል። ቅስቱን ለወፍራሙ ወራት ማሠራት፣ የክሳቱን ጊዜ በመደላድል ማለፍ ይሻላል።

ኮርቻ ሠሪዎችም ተውን እንጂ! ጥሬ ቆዳ ሲደርቅ እንደሚሸመቅቅ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ከተለበጠ በኋላ እንጨቱን መጥረብ አይቻልም፤ ስለዚህ ባዶው እንጨት መጀመሪያ ፈረሱ ላይ ይሞከር። ጀርባው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ፣ የእንጨቱን ስር ከሰል ቀቡ፣ ጫን ጫን አድርጋችሁ አንሱት። ጥቁሩ ዳርና ዳር ብቻ ከታተመ የቀረ ጥርቢያ አለ ማለት ነው።

ኮርቻ ገዝቶ ያበቃም ሰው ይመልከት። አንድ ሰዓት ጋልባችሁ ስታወርዱት ጀርባው እኩል ማላብ አለበት። በላቡ መካከል መዳፍ የሚያህል ደረቅ ቦታ ካገኛችሁ እዚያ ጋ ጫናው በዝቶ ላቡን ሳያግደው አልቀረም። ችላ ካላችሁት ጠጉሩ ይረግፋል፣ ሲበቅል ነጭ ሆኖ ይበቅላል። ነጩን ሰው ምልክት እያለ ያደንቀዋል፤ ኮርቻ የገደለው ቆዳ ነው። ለጥምቀት ጉግስም ሆነ ለጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል ፈረሱን አስጊጡት፣ ደስ ይላል። ግላሱ ሲወርድ ግን እጃችሁን ከሰረሰሩ ግራና ቀኝ እየተጫናችሁ አሳልፉት፤ ወገቡን ካሸሸ አሞታል።

የቆሰለ ጀርባ ላይ ቀዳዳ ያለው አጎዛ አድርጎ መጫን ይቅር፣ በእናታችሁ። ቁስሉ ድኖ ጠጉር እስኪለብስ ኮርቻ አይውጣበት። በዚያ ጊዜ ካርቶናችሁን ይዛችሁ ገበያ ውጡ፣ የኮርቻውን ቅስት ከስሩ እዩ፣ ካርቶኑን አስገቡበት። ሻጩ «የፈረስ ልክ ሁሉ አንድ ነው» ካላችሁ ብራችሁን ኪሳችሁ መልሱና ወደሚቀጥለው ሂዱ።