አንድ ጉልቻ የጎደለው የቻይናውያን የራስ ጥናት ፈተና

ጓንግዡ ውስጥ፣ አፍሪካውያን ነጋዴዎች ከሚበዙበት ከሻኦቤይ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ እቃችንን ለካርጎ የምናሳሽግበት መጋዘን ነበር። እዚያ ካርቶን የምትቆጥርና የምታሽግ አንዲት ሴት አውቃለሁ። ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ገደማ ነው፤ ከሁናን ገጠር መጥታ ከተማ ውስጥ አንዲት ልጅ ታሳድጋለች። ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ከተጣለ ካርቶን ላይ ክዳኑን ትገነጥልና በግራ የእንግሊዝኛ ቃል፣ በቀኝ የቻይንኛ ፍቺውን ትጽፍበታለች። ክዳኑ ሲሞላ ግድግዳው ሥር ታቆመዋለች። ወር ባልሞላ ጊዜ ግድግዳው በካርቶን ክዳን ተሸፈነ።

አንድ ቀን «ፐንግዮ» ብላ ጠራችኝ። ጓደኛ ማለት ነው፤ ገበያው ውስጥ ሁላችንንም የሚጠሩን እንዲያ ነው። የመለማመጃ ወረቀት ይዛለች። አጭር ምንባብ አለ፣ አሥር ክፍት ቦታ አለው፤ ከእያንዳንዱ ክፍት ቦታ አጠገብ አንድ ቃል በቅንፍ ተሰጥቷል፤ ተፈታኙ የቃሉን ትክክለኛ ቅርጽ አውጥቶ መሙላት አለበት። «ሜክ» የሚለውን ቃል እንዳለ ገልብጣዋለች። መልሱ ለምን ስህተት እንደሆነ አልገባትም፤ እኔም በቻይንኛዬ ማስረዳት አቃተኝ። ዞር ስል ገና ያሸገችውን ካርቶን አየሁ። ጎኑ ላይ «ሜድ ኢን ቻይና» ይላል። በጣቴ አሳየኋት። ያንን ጽሑፍ ሲነጋም ሲመሽም ስታየው ኖራለች፤ «ሜድ» ከ«ሜክ» የወጣ መሆኑን ግን እስከዚያች ደቂቃ የነገራት ሰው አልነበረም። ቴፑን እንደያዘች ካርቶኑ ላይ ዓይኗን ተክላ ቆየች።

የነገራት ሰው አለመኖሩ እስካሁን ይከነክነኛል።

ሴትዮዋ የምትዘጋጅለት ፈተና ቻይናውያን ባጭሩ «ዚካው» የሚሉት ነው፤ በራሳቸው አጥንተው የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃ ለሚፈልጉ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት ፈተና። አነሳሱን ማወቅ ያስፈልጋል። ከ1966 እስከ 1976 (የቻይናዎቹ ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዘለቀው የባህል አብዮት የቻይናን ዩኒቨርሲቲዎች በር ዘግቶ፣ ተማሪውን ገጠር በትኖት ነበር። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው በ1977 መጨረሻ ሲመለስ 5.7 ሚሊዮን ሰው ለፈተና ተቀመጠ፤ የገባው 270 ሺህ ያህል ነበር። የቀረው የት ይሂድ? ፋብሪካ ውስጥ ያለው፣ ልጅ የወለደው፣ ዕድሜው ያለፈው? በ1981 ቤጂንግ፣ ቲያንጂን፣ ሻንግሃይና ሊያኦኒንግ ላይ በሙከራ የተጀመረው ዚካው መልስ የሰጠው ለዚህ ጥያቄ ነው። በ1982 የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 በራስ ጥረት ተምሮ ለቁም ነገር መብቃትን መንግሥት እንደሚያበረታታ ጻፈ። በ1988 የወጣው ደንብ ደግሞ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ብሔረሰብ፣ ዘርና ቀድሞ የተገኘ የትምህርት ደረጃ ሳይገድበው ማንኛውም የቻይና ዜጋ መፈተን እንደሚችል ደነገገ። የት ተማርክ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኮርስ በኮርስ ይፈተኑታል፤ ከመቶ 60 ያመጣ ያንን ኮርስ አለፈ፤ የወደቀ ሚያዝያ ላይ ወይም ጥቅምት ላይ ተመልሶ ይቀመጣል። በዓለም ላይ ከማውቃቸው የትምህርት ሥርዓቶች ሁሉ ለድሃ ሰው ክብር የሰጠ ይሄ ነው ብል አላፍርም።

ሥርዓቱ የቆመበትን ሐሳብ ቻይናውያን በሦስት ሐረግ ይናገሩታል፦ ግለሰቡ በራሱ ያጥና፣ ኅብረተሰቡ ያግዝ፣ መንግሥት ይፈትን። ሦስት ጉልቻ ማለት ነው። በሒሳብ መዝገብ አያያዝም ሆነ በሕግ ትምህርት አንደኛውና ሦስተኛው ጉልቻ ብዙ ሰው ችለው ሲሸከሙ አይቻለሁ፤ መጽሐፉን አንብቦ፣ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን ሠርቶ ያለፈ ሞልቷል። እንግሊዝኛ ላይ ግን ድስቱ ያዘነብላል። ቋንቋ ያለ ሰው አይለመድም። መሐል ያለው ጉልቻ፣ ኅብረተሰቡ ያግዝ የሚለው፣ የጎደለው እዚህ ላይ ነው።

የትምህርቱ የቆየ ስም «እንግሊዝኛ ሁለት» ነው። ለረጅም ጊዜ 14 ክሬዲት ይይዝ ስለነበር ከኮርሶቹ ሁሉ ከባዱ ነበር። ሴትዮዋ ስትለማመድበት የነበረው ቅርጽ የ150 ደቂቃ ፈተና ነው፤ ሰባት ክፍሎች አሉት፣ ሁሉም በወረቀት። ማዳመጥ የለም፣ መናገር የለም። ቻይናውያን ራሳቸው ይህን ዓይነቱን ትምህርት «ዲዳ እንግሊዝኛ» ይሉታል።

ከክፍሎቹ ውስጥ ብቻውን ያጠናን ሰው ክፉኛ የሚጥለው የመጀመሪያው ይመስለኛል። ምንባብ ይሰጥና አሥር ዓረፍተ ነገሮች ይከተላሉ፤ እያንዳንዱን እውነት፣ ሐሰት ወይም በምንባቡ አልተገለጸም ብሎ መለየት ነው። ሦስተኛው ምርጫ ቀላል ይመስላል። ይሁንና ሴትዮዋ ስለ ሻይ የተጻፈ ምንባብ አንብባ፣ ሻይ ከቻይና ወደ አውሮፓ ሄደ ለሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት ብላ መልሳ ነበር። እውነት ነው፣ ሄዷል። ምንባቡ ግን አላለም። አብሯት የሚያነብ ሰው ቢኖር «የቱ ጋ ነው ያለው? በጣትሽ አሳዪኝ» ይላት ነበር፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢላት ልማድ ይሆንላት ነበር። የመልስ መስጫው ወረቀት ግን ፊደሉን ብቻ ነው የሚነግራት። ስህተቷን አወቀች፣ የስህተቷን ምክንያት አላወቀችም፤ በሚቀጥለው ምንባብ ደገመችው።

የቻይንኛ ተናጋሪ እንግሊዝኛ ሲማር የሚገጥመውን መረዳት ለእኛ አይከብደንም፤ ግማሹ የእኛም ችግር ነውና። በቻይንኛ ግስ መልኩን አይለውጥም። ትናንትም ዛሬም ነገም ያው አንድ ቅርጽ ነው፤ ጊዜውን የሚነግርህ «ትናንት» የሚለው ቃል ነው፣ ወይም ከግሱ ኋላ የምትቀጠል «ለ» የምትባል ትንሽ ድምፅ። እርሱም እርሷም በንግግር «ታ» ናቸው፤ ለዚህ ነው ጎበዝ እንግሊዝኛ የሚናገር ቻይናዊ እናቱን «ሂ» ሲል የምትሰማው። እኛ እዚህ ላይ ይቀለናል፤ ሄደ፣ ሄደች፣ ሄዱ ስንል ያደግን ነን።

የሚያመሳስለን ነገር ሲመጣ ግን ያስደንቃል። እኛ «እኔ ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» እንላለን። ቻይናዊው ቃል በቃል በዚያው ቅደም ተከተል «ዎ ዙኦትየን ማይ ደ ሹ» ይላል፦ እኔ፣ ትናንት፣ መግዛት፣ «የ»፣ መጽሐፍ። ገላጩ ሁሉ ፊት ይመጣና ስሙ መጨረሻ ላይ ያርፋል። እንግሊዝኛ ይህን ገልብጦ መጽሐፉን ያስቀድማል፣ ገዛሁት የሚለውን ከኋላ ያስከትላል። ሴትዮዋ ረዥም ዓረፍተ ነገር ስታነብ የምትጠፋው እዚያ ላይ ነበር፤ ስሙን ካገኘች በኋላ ነገሩ አለቀ ብላ ታቆማለች። እኔም ሰባተኛ ክፍል እያለሁ የጠፋሁት እዚያው ነው። «ምንም እንኳ ዝናብ ቢዘንብም፣ ግን ሄድን» ማለት በአማርኛ ነውር የለውም፤ በቻይንኛም ሁለቱንም ማያያዣ መጠቀም ትክክል ነው። እንግሊዝኛ አንዱን ብቻ ይፈቅዳል፤ ቻይናዊውም ሐበሻውም ሁለቱን ደርቦ ይጽፍና ነጥብ ይቀነስበታል። ይህን አንድ ሰው በአምስት ደቂቃ ሊያሳየው ይችላል። ከቃላት ዝርዝር ውስጥ ግን በአምስት ዓመትም አይገኝም።

ኅብረተሰቡ ያግዝ የተባለውን ቦታ አሁን የያዘው ገበያው ነው። «ባኦጉኦ» የሚል ማስታወቂያ ስልኳ ላይ በየቀኑ ይመጣላት ነበር፤ ማለፍ ዋስትና ያለው ማለት ነው። ለአንዱ ከፈለች፤ ከወር ደመወዟ ቀላል የማይባል ገንዘብ ነው። የተላከላት የቃላት ዝርዝርና አሥራ ሁለት የተዘጋጁ ድርሰቶች ናቸው። ድርሰት ከመቶው 30 ነጥብ ይይዛል፣ የሚጠየቀው መቶ ቃል ያህል ነው፤ ስለዚህ ሽምደዳ አዋጭ መስሎ ይታያል። አሥራ ሁለቱም የሚጀምሩት «ዊዝ ዘ ዲቨሎፕመንት ኦቭ ሶሳይቲ» በሚል ሐረግ ነው፤ ከኅብረተሰቡ ዕድገት ጋር ተያይዞ እንደማለት። ስለ ብክለትም ስለ ጓደኝነትም ስለ ስልክም ያው። ባለፈው ሚያዝያ ተፈተነች። የመጣው ርዕስ ለአንድ ወዳጅ የሚጻፍ ደብዳቤ ነበር፤ ደብዳቤውን በኅብረተሰቡ ዕድገት ጀመረችው። 57 አገኘች።

ሦስት ነጥብ ነው የጎደላት። መጋዘን ውስጥ በቀን አሥር ሰዓት ቆማ የምትሠራ ሴት፣ ያንን ሁሉ ክዳን የሞላች ሴት፣ የራሷን አንድ ዓረፍተ ነገር እንድትጽፍ ማንም ሳይጠይቃት ሦስት ነጥብ ጎደላት። እኔን ያስቆጣኝ ይሄ ነው። የሰው ትጋት የሸጡላትን ሽምደዳ ለመሸከም ዋለ።

እንግሊዝኛው ጭራሽ ይቅር የሚሉ አሉ። ካርቶን ለምታሽግ፣ ነገ የሒሳብ ሠራተኛ መሆን ለምትፈልግ ሴት ምን ይሠራላታል ይላሉ። በአንዳንድ ግዛቶች እንግሊዝኛውን ትቶ በምትኩ ሌሎች ኮርሶችን ተፈትኖ መመረቅም ይቻል ነበር፤ በዚያ መንገድ የሄደ ሰው ግን ለባችለር ዲግሪ ማመልከት አይችልም። ይህን መፍትሔ አልወደውም። ሩቅ ሄዶ ደጃፉ ላይ ለደረሰ ሰው በጓሮ በኩል ውጣ ማለት ነው። በቻይና ከተማ ውስጥ ደግሞ የትምህርት ማስረጃ ከደመወዝ በላይ ነው፤ ጓንግዡን በመሰለ ከተማ ከገጠር የመጣ ሠራተኛ የከተማ ነዋሪነት መዝገብ ለማግኘት ከሚያስቆጥሩት ነጥቦች አንዱ የትምህርት ደረጃው ነው። የልጇ የትምህርት ዕድል ከዚያ መዝገብ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛው ይቆይ፤ እገዛው ይምጣ።

እገዛው ውድ ነገር አይደለም። በሻንግሃይ የሕዝብ መናፈሻና በቤጂንግ ሬንሚን ዩኒቨርሲቲ «የእንግሊዝኛ ማዕዘን» የሚባል መሰባሰቢያ አለ፤ ተማሪውም ጡረተኛውም ቆሞ ያገኘውን ሰው በእንግሊዝኛ ያወራል። ማንም አያስከፍልም። ይህ ልማድ ወደ ፋብሪካው ሰፈርና ወደ ሠራተኞች ማደሪያ ቢወርድ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሳምንት አንድ ማታ መጥተው የአሥር ሰው ድርሰት ቢያርሙ፣ በሰሜስተር ብዙ ሰው ከ57 ወደ 60 ይሻገራል። ፈተናው መናገር ስለሌለበት መናገር አያስፈልግም የሚሉ አስጠኚዎችን አልቀበልም፤ ከአፉ ወጥቶ የማያውቀውን ዓረፍተ ነገር ሰው ሲጽፈው ይሰበርበታል። አሥራ ሁለት ድርሰት ከመሸምደድ ስለራስ ውሎ በየቀኑ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፎ ማሳረም ይበልጣል። አንድን ምንባብ ሳምንት ሙሉ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ፣ ሰባት ምንባብ በዓይን ከመሮጥ ይሻላል። ይህን ስል ከመምህርነት ተነስቼ አይደለም፤ እዚያ መጋዘን ውስጥ የሠራውንና ያልሠራውን አይቼ ነው።

ወደ አገሬ ሳስበው ደግሞ ልቤ ይከፈላል። እኛ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ታሪኩንም ፊዚክሱንም በእንግሊዝኛ የምንማር ሕዝብ ነን፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። በየዓመቱ ከበር የሚመለሰው ወጣት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነው። በሙያው መስክ ሲኦሲ የሚባል ምዘና አለን፤ ሙያውን ከአባቱም ይልመደው ከጋራዥ፣ የሚችል መሆኑን ያሳየ ሰው ማስረጃ ይሰጠዋል። ይህ መልካም ጅምር ነው። ሱቅ እየጠበቀ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት እየሠራ በማታ የሚያነብ ልጅ፣ መጽሐፉን ጨርሻለሁና ፈትኑኝ ብሎ የዲግሪ ኮርስ የሚቀመጥበት እንደ ዚካው ያለ በር ቢኖረን እመኛለሁ። ያ በር ሲሠራ ግን ሦስቱም ጉልቻ አብረው ይጎለቱ። ፈተና ማዘጋጀት ለመንግሥት ቀላሉ ሥራ ነው፤ ማጥናትንማ ልጆቹ ያውቁበታል።

ከሚያዝያው ውጤት በኋላ ከሴትዮዋ ጋር አንድ ውል ገባን። በቀን አንድ ዓረፍተ ነገር ትልክልኛለች፣ እኔ ስህተቷን ለይቼ እመልስላታለሁ። እንግሊዝኛዬ የመምህር አይደለም፤ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን አላርምም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግሱ ሁሉ እንዳለ ይመጣ ነበር፣ ገላጩም ከፊት። እኔ አዲስ አበባ ተመለስኩ፤ መልእክቷ ግን አልተቋረጠም። ባለፈው ሳምንት የላከችው ይህ ነው፦ «ዘ ቦክስስ አይ ክሎዝድ የስተርደይ አር ኦን ዘ ሺፕ»፤ ትናንት የዘጋኋቸው ካርቶኖች መርከብ ላይ ናቸው። ካርቶኖቹ ፊት ናቸው፣ መዝጋቷ ከኋላ፣ ግሱም ያለፈ ነው። የማርመው አጥቼ ደግሜ አነበብኩት። ጥቅምት ላይ እንደገና ትቀመጣለች።