እርማት፦ ጠርሙሱ አልተነፋባትም

ወንድሜ፣ ጎንደር ፒያሳ ካፌ ውስጥ ስላየሃት፣ ጠርሙስ ውስጥ ስላለችው ትንሽ መርከብ የጻፍከውን ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ይታረም። «መጀመሪያ መርከቧን ይሠራሉ፣ ከዚያ ጠርሙሱን በላይዋ ላይ ይነፉታል» ብለሃል። ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል። ግን እንዴት ይሆናል? መስታወት የሚነፋው 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ግሎ ነው። እንጨቱም ክሩም አመድ ይሆን ነበር። የጠርሙሱን ቂጥ ቆርጠው መልሰው ይለጥፉታል የሚሉም አሉ፤ እነዚህን መርከቦች የሚሠሩት መርከበኞች የተለመደ አሠራር ይህም አይደለም።

መርከቧ የምትገባው በአንገቱ በኩል ነው። አካሏ ከአንገቱ ቀጥኖ ይቀረጻል። ምሰሶዎቹ ከሥራቸው ማጠፊያ አላቸው፤ እንደ ጃንጥላ ከነሸራቸው ታጥፈው ይተኛሉ። ጠርሙሱ ውስጥ አስቀድሞ ሰማያዊ ቀለም የገባበት ስቱኮ ይነጠፋል። ባሕሩ እሱ ነው። መርከቧ በረጅም ሽቦ እየተገፋች እዚያ ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ ከምሰሶዎቹ ጋር ታስረው በአንገቱ ወደ ውጭ የተተዉት ክሮች ቀስ ብለው ሲሳቡ ምሰሶዎቹ ብድግ ይላሉ። ክሩ በሙጫ ይያዝና ትርፉ ይቆረጣል። አንዱ ክር ከተበጠሰ፣ በቃ፣ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነው።

ጥበቡም አንተ እንዳልከው ያህል ጥንታዊ አይደለም። በመርከበኞች ዘንድ የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው፤ ጥርት ያለ ጠርሙስ እንደ ልብ መገኘት ሲጀምር። በረጅም የባሕር ጉዞ ጊዜ ማሳለፊያ ነበር።

እቤት መሞከር ካማረህ ከጎርጎራ ታንኳ ጀምር። ምሰሶ ስለሌላት ትቀልሃለች።