ይድረስ ለክቡር «በሞቴ»

አድራሻ፦ ጎጃም፣ መሶብ ባለበት ሁሉ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከቀበቶዬ በቀር። ቀበቶዬ ከፋሲካ ማግስት አዲስ ቀዳዳ ወጥቶለታል። የተበሳው በሚስማር ነው። ምክንያቱ እርስዎ ነዎት።

ክቡር ሆይ፣ ከደጀን እስከ ዳንግላ እርስዎን የማያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። ሰው ጠግቦ እጁን ሲሰበስብ ከተፍ ይላሉ። «በቃኝ» ሲል «በሞቴ!» ይባላል። ሞት ደግሞ ቀልድ አይደለም። የአክስቴን የእታለምን ሞት በአንድ በኩል፣ የዶሮ ፈረሰኛ በሌላ በኩል አስቀምጠው «ምረጥ» ይሉኛል። ምን ልምረጥ? እበላለሁ። አርባ ዓመት በሞቷ ስታስምለኝ በላሁ፣ እታለም እስከ ዛሬ በሕይወት አለች። እንግዲህ ይሠራሉ ማለት ነው፤ ይህን አልክድም።

አሁን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግፊቴን ልለካ መሄዴ ነው። የለካችኝ ልጅ ቁጥሩን አየች፣ ዝም አለች፣ እንደገና ለካችኝ። ከዚያ «ጋሼ፣ ይሄ ለልብ ብቻ እንዳይመስልዎት። ለጭንቅላትም ነው» አለችኝ። «ለጭንቅላት» የሚለው ቃል እንቅልፍ ነሳኝ። ሄጄ ማንበብ ጀመርኩ።

ጭንቅላታችን ደም ካላገኘ አይሠራም። ደሙን የሚያደርሱለት ከክር የቀጠኑ ሥሮች አሉ። ጨው ሲበዛ ግፊት ይጨምራል፤ ግፊቱ ሥሮቹን ያደነድናቸዋል። ቅቤው ኮሌስትሮሉን ሽቅብ ይሰቅለዋል። ውፍረቱ ስኳር በሽታን ይጠራል። ይህ ሁሉ በጎልማሳነት ድምፁን አጥፍቶ ይጀምርና፣ ሰው ሲያረጅ የገዛ ቤቱ መንገድ ሊጠፋው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ከመርሳት በሽታ ጋር የሚኖረው ሰው 57 ሚሊዮን ነበር።

ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥር የተሰባሰቡ ባለሙያዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ለዚህ በሽታ የሚያጋልጡ፣ ግን ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 ነገሮችን ዘረዘሩ። ሁሉም ቢስተካከሉ ከመቶው 45 ያህሉ ሊቀር ወይም ሊዘገይ ይችላል ይላሉ። ዝርዝሩን በጣቴ እየቆጠርኩ አየሁት። ደም ግፊት፣ ስኳር በሽታ፣ ውፍረት፣ መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ከልክ ያለፈ መጠጥ። አምስቱ የእርስዎ የቅርብ ወዳጆች ናቸው። መጠጡንስ ቢሆን «ይቺን አረቄ ብቻ፣ በሞቴ» የሚለው ማን ሆነና?

ይባስ ብሎ «ማይንድ» የሚሉት አመጋገብ አለ። ማርታ ክሌር ሞሪስ የተባሉ ተመራማሪ ቺካጎ ባለው ረሽ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር ለአእምሮ ብለው ያዘጋጁት ነው። ሕጉን ሳነብ ሳቄ መጣ። ቅጠላ ቅጠል በሳምንት ቢያንስ 6 ጊዜ። እሺ፣ ጎመን አለን። ባቄላና ምስር በሳምንት 4 ጊዜ። ሽሮ በላተኛ ይህን ማክሰኞ ላይ ይጨርሰዋል። ያልተፈተገ እህል በቀን 3 ጊዜ። የብቸና ጤፍ ከነቅርፊቱ እየተፈጨ ለቁርስ፣ ለምሳ፣ ለራት ይቀርባል፤ ማን አስተማረን? ዓሣ በሳምንት አንዴ። ባሕር ዳሮች ይህን ሲሰሙ እንዳይኮሩብን እንጂ ጣና ቆሮሶ አለው። ዶሮ በሳምንት ሁለቴ። እዚህ ላይ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን «ቅቤ በቀን ከአንድ የሾርባ ማንኪያ በታች» ይላል። እታለም ያንን ያህል ታፈስ የነበረው ድስቱን ለማሟሸት ነበር።

ጨውን እንኳ ተዉት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ መሆኑ ነው። የገጠር ዘመዶቼ ዘንድ ቡናው በጨው ነው። የከተማዎቹ ዘንድ ሦስት ማንኪያ ስኳር ይጨመርበታል። እርስዎ በሁለቱም ቤት አሉ። «ሦስተኛዋ በረካ ናት፣ በሞቴ!»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ለጎመን መጥተው ያውቃሉ?

አስበው ይመልሱ። በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ የት ነው የሚሰነብቱት? ረቡዕና ዓርብስ? ሽሮው ሲፈላ፣ ጎመኑ ሲቀርብ፣ ተልባው ሲበጠበጥ ድምፅዎ አይሰማም። ማንም እጄን ይዞ «ይቺን ጎመን ብቻ፣ በሞቴ» ብሎኝ አያውቅም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዶሮ ሲጮህና የፋሲካው ድስት ሲከፈት ግን መጀመሪያ የሚደርሱት እርስዎ ነዎት። ዘንድሮ የአጎቴ ሚስት ዶሮውን በሞቷ፣ ክትፎውን በልጆቿ፣ አይቡን በአጎቴ አስማለችኝ። ነግቶ ስቆጥረው ቤተሰቡን በሙሉ በልቼ አድኜዋለሁ። «ጎመን በጤና» የሚል ሕዝብ ጎመኑን ለድሃ፣ ጤናውን ለሐኪም ትቶ ቅቤውን ለራሱ ያዘ። ይህ የማን ሥራ ነው?

አሁን «ሳይንሱም አላረጋገጠውም» ይሉኝ ይሆናል። አውቃለሁ፤ አንብቤዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ጥናት 923 አረጋውያንን ተከታትሎ፣ ያንን አመጋገብ በደንብ የያዙት አልዛይመር በሚሉት የመርሳት በሽታ ዓይነት የመያዝ ዕድላቸው በ53 ከመቶ ያነሰ መሆኑን አየ። ግን ደህና የሚበላ ሰው ሌላም ደህና ነገር ሊኖረው ይችላል፤ ይራመዳል፣ ተምሯል፣ ይታከማል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ 604 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው፣ አንዱን ወገን ያንን አመጋገብ አስይዘው 3 ዓመት ሞከሩት። በሁለቱ ቡድኖች መካከል በማስታወስም ሆነ በማሰብ ያን ያህል ልዩነት አልታየም።

ቆይ፣ አያጨብጭቡ። በዚያ ሙከራ ሁለቱም ቡድኖች እንዲቀንሱ እየተመከሩ ነበር የሚበሉት። ሁለቱም በአማካይ 5 ኪሎ ገደማ ቀነሱ። ማለትም ከሁለቱም ወገን «በሞቴ» የተባለ ሰው አልነበረም። ጎጃም ላይ ቢሞከር ውጤቱን ያኔ እናየው ነበር።

በአንድ ነገር ግን ልመስክርልዎት፤ ሐሰት አልወድም። ከ14ቱ አንዱ ብቸኝነት ነው። ከሰው ተለይቶ መኖርም ለመርሳት ያጋልጣል ይላሉ። እርስዎ ባሉበት ማዕድ ብቻውን የሚቀመጥ የለም። እንግዳ ሰላም ብሎ በደጅ አያልፍም። በዚህ ሥራዎ ዕድሜ ይስጥዎት፤ ቢቻል ከእኔ እንዳይቀነስ ሆኖ።

ስለ እታለም ልንገርዎትና ላብቃ።

ዘንድሮ ሰባ ስምንት ሞላት። ነገር መርሳት ከጀመረች ሁለት ዓመት አለፋት። መጀመሪያ የጓዳው ቁልፍ ነበር። ቀጥሎ የማኅበሯ ተራ። ሰፈሩ «ጃጀች» አለ፣ ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው አለ። ቅቤ አመጣባት አልልም። ዕድሜው አለ፣ ዘር አለ፣ ለዓመታት ሳይታከም የኖረ ግፊትም ነበረባት። የአንዱን ድርሻ ከሌላው ማን ይለይልኛል?

በቀደም ልጠይቃት ሄድኩ። ስሜ ጠፍቷት በአባቴ ስም ጠራችኝ። መሶቡ ሲቀርብ ግን እጇ አልተሳሳተም። ጠቀለለች፣ ወደ አፌ አመጣች፣ «በሞቴ» አለች። እርስዎን አልረሳችም፣ ክቡር ሆይ። ጎረስኩ። ጥቂት ቆይታ እህል ያልቀመስኩ መሰላትና እንደገና ጠቀለለች። «በሞቴ።» አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ እኛ አምስት ደረስን።

አብራት የምትኖረው ልጇ ብልህ ናት። መሶቡ ላይ የነበረው ጎመንና ምስር ብቻ ነበር። በዕድሜዬ ለጎመን «በሞቴ» ስባል ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ከሰላምታ ጋር
ቀበቶው የተበሳበት፣ ከደብረ ማርቆስ

ግልባጭ፦
ለ«አፈር ስሆን»
ለ«እንዲች ብቻ»
ለ«ካልበላህ ተቀየምኩህ»
ለአጎቴ ሚስት (ከአክብሮት ጋር፤ ለመጪው ገና)