ምስጋና ለሲስተማችን

ባሕር ዳር ላይ እንደ «ሲስተም የለም» ያለ ሰላም የሚያወርድ ቃል የለም። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ሰው ይራገማል፣ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን እያንኳኳ ይሳደባል። ሲስተም ሲጠፋ ግን ሁሉም ጸጥ። ማን ላይ ይጮኻል? ሲስተም ስልክ የለው፣ ቢሮ የለው፣ ስብሰባ ላይ ነው አይባል።

ስለዚህ ዛሬ ላመሰግን ነው የተነሳሁት። ሁልጊዜ መውቀስም ደግ አይደለም።

ሰሞኑን ጉዳይ ኖሮኝ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ (ስሙን ተዉት)። በሩ ላይ «አገልግሎታችን ሙሉ በሙሉ ዲጂታል ሆኗል» የሚል ባነር ተሰቅሏል። ፀሐይ በልቶት ቀዩ ሮዝ ሆኗል። ከሥሩ ወረፋው እስከ አጥሩ ይደርሳል። ሌላው መጀመሪያ ሠርቶ ኋላ ይመርቃል፤ እኛ ቀድመን እንመርቃለን። ሪባኑ ከተቆረጠ የሚቀረው ትንሽ ነገር ነው፤ ሶፍትዌሩ።

ደግሞ ብቻችንን አይደለንም። አሜሪካኖች የጤና መድን መሸጫ ድረ ገጻቸውን በእነሱ አቆጣጠር ኦክቶበር 1 ቀን 2013 ሲከፍቱ፣ በመጀመሪያው ቀን ተመዝግቦ የጨረሰው 6 ሰው ነበር። 6! የእኛ መስኮት በክፉ ቀኑም ከዚያ ይሻላል። እንግሊዞች የታካሚዎችን መዝገብ ባገር ደረጃ ኮምፒውተር ላይ ሊያወጡ በ2002 ተነስተው፣ ቢሊዮን በቢሊዮን ላይ ፓውንድ አፍስሰው በ2011 ፕሮግራሙን በተኑት። ካናዳም በ2016 የደመወዝ ሲስተም ቀይራ አንዱን ሠራተኛ ያለ ደመወዝ፣ ሌላውን በትርፍ ደመወዝ አስቀረችው። ልዩነቱ እነሱ ያፍራሉ።

የእኛ አሠራር እንዲህ ነው። መጀመሪያ «ፍላጎት ይሰበሰባል»። የሚሰበሰበው መስኮቱ ጋ እንዳይመስላችሁ፤ ጣና ዳር ነው፣ ሦስት ቀን፣ ከነአበሉ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ፎርም ታቅፎ ይመጣል፣ አንዱም ፎርሙን አይለቅም፣ እንዲያውም ሻይ ዕረፍት ላይ ሁለት አዲስ ፎርም ይወለዳል። ማህተም ኮምፒውተር ላይ እንዴት ይመታ የሚለው ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከዚያ አሳ ጉላሽ። መስኮቱ ላይ የምትቀመጠው ልጅ አልተጠራችም። እሷ ከመጣች ወረፋውን ማን ያስተናግዳል?

ቀጥሎ ጨረታ፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል። ከዚያ ሰኔ 30 ይመጣል። በጀቱ ተመላሽ ከሚሆን ብለን ኮምፒውተሩን እንገዛለን፣ ሶፍትዌሩ ገና ስለሆነ ከነካርቶኑ እንቆልፍበታለን፣ ሶፍትዌሩ ሲደርስ ኮምፒውተሩ አርጅቶ ይጠብቀዋል። በመሃል አዲስ ኃላፊ ይሾማል። የቀድሞውን ሥራ መቀጠል ደግሞ ነውር ነው፤ እንደገና ወደ ጣና ዳር።

አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተመልከቱ። 380 ሜትር ነው። ግማሽ ከደረሰ በኋላ «ትንሽ ወደ ዘጌ ጠጋ ቢልስ?» ያለ ሰው አልሰማሁም። ኮንክሪት ይታያላ። ሶፍትዌር አይታይም፤ ስለዚህ «እቺን ብቻ ጨምሩልን» ማለት በየሳምንቱ ይቻላል፣ ያቺ «እቺ» ደግሞ መሠረቱን አፍርሶ እንደገና ማቆም ብትሆንም ማንም አያይም።

ፍሬድ ብሩክስ የሚባል የአይቢኤም ሰው፣ የዘገየ ሶፍትዌር ላይ ሰው ብትጨምሩ ይብስ ይዘገያል ብሎ ነበር፤ አዲሱን ለማስረዳት ነባሩ ሥራውን ያቆማላ። ይህን ካለ 50 ዓመት ሆነው። እኛ ምክሩን ሰምተናል። ሰው አንጨምርም። ኮሚቴ ነው የምንጨምረው።

ከታንኳ ሠሪዎቻችንም የምንማረው የለም። ሰውዬው ደንገሉን ያጭዳል፣ ያደርቃል፣ ያስራል፣ ወዲያው ውሃ ላይ ያወርደዋል። ካዘነበለ አውጥቶ ያጠብቀዋል። ሲርስ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ ሲበሰብስ ሌላ ያስራል። ስቲሪንግ ኮሚቴ የለ፣ የምዕራፍ ሁለት ሰነድ የለ። ኋላ ቀርነት! እኛ ሁሉንም አገልግሎት ለሁሉም ወረዳ በአንድ ቀን ካልለቀቅን እንቅልፍ አይወስደንም። ከሰጠመም አብሮ ይስጠም፤ እኩልነት ማለት ይሄ ነው።

የድሮው መዝገብ ወደ ሲስተም ሲገባማ አይወራ። አንዱ ኃይሉ፣ ሐይሉና ሀይሉ ተብሎ ሦስት ሰው ሆኗል። ሕዝብ በዛ ማለት ነው፣ ደስ ይበለን።

ያን ቀን ከፊቴ የቆሙት ከደብረ ማርያም በጀልባ የተሻገሩ አባት ነበሩ። ዱላቸውን መስኮቱ ሥር አስደግፈው፣ ወረቀታቸውን ከጋቢያቸው ሥር ከላስቲክ አወጡ።

«አባቴ፣ ሲስተም የለም። ከሰዓት ይመለሱ» አለቻቸው ልጅቷ።

«ወዴት ሄደ?»

ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ጠበቁ፣ እኔም ጠበቅሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ «መጣ! መጣ!» ተባለ፣ ወረፋው እንደ ታቦት አጃቢ ተነሳ።

«የተወለዱበት ቀን?»

«ጳጉሜን 3፣ የሩፋኤል ዕለት። እናቴ ዝናቡን ልትጠመቅ እንደወጣች ነው ምጥ የያዛት።»

ልጅቷ ጻፈች። ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ደግማ ጻፈች፣ ቀይ። የወሮቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ወረደችበት። መስከረም ብሎ ይጀምራል፣ ነሐሴ ላይ ያበቃል። ኪቦርዱን ገፋ አድርጋ ከመሳቢያው ትልቁን መዝገብ አወጣችና በእስክሪብቶ ጳጉሜን 3 ብላ ጻፈች። እሱ ወዲያው ተቀበለ።

«መዝገቡ ላይ ይዤልዎታለሁ አባቴ። ሲስተሙ ግን ጳጉሜን አያውቅም። እሱ ላይ ነሐሴ 30 ልበለው?»

ትንሽ ዝም አሉ። ዱላቸውን አነሱ።

«ግድ የለም ልጄ፣ ጻፊው። ለሩፋኤል ግን አንቺው ንገሪልኝ።»